«ክላሼን ብሰጥ ማን ይጠብቀኛል?» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ። ለማታውቁኝ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ጠበቃ ነኝ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። በእጄ ካለፉት የግድያ መዝገቦች ስንቱ «ሟች በተተኮሰበት ጥይት» በሚል እንደሚጀምር ቆጥሬ አላውቅም። በዝቶብኝ ነው።

 የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

«ጋሼ፣ ዳላስ ያለው ወንድሜ ሽጉጥ ገዛሁ ብሎ ፎቶ ላከልኝ። እንደ ሞባይል ከሱቅ ነው የገዛው። ልጆች በየትምህርት ቤቱ እየተገደሉ ለምን አይከለክሉም?» (ከደብረ ብርሃን)

መከልከል አይችሉማ። ሕገ መንግሥታቸው ላይ በ1791 የገባ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ (የውጭውን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ስለ ሚሊሻ አስፈላጊነት ይጀምርና የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት አይነካም ብሎ ይጨርሳል። መብቱ የሚሊሻው ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሰው? በዚህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራከሩ። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የእያንዳንዱ ሰው ነው፣ ቤቱ ውስጥ ራሱን ለመከላከል ይያዝ አለ። በ2022 ደግሞ ከቤት ውጭም መታጠቅ ይችላል ብሎ ጨመረበት።

ስለዚህ ክርክራቸው ይኑር አይኑር አይደለም። ለማን፣ ምን ዓይነት፣ ከምን ማጣራት በኋላ የሚል ነው። ወንድምህም ቢሆን ዝም ብሎ እንደ ሞባይል አልገዛም። ከሱቅ ከገዛ ቅጽ ሞልቷል፣ የወንጀል ታሪክ ይኑርበት አይኑርበት ስሙ ተጣርቷል። ይህ በ1993 የወጣ ሕግ ነው። ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው። ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ የፌዴራሉ ሕግ ማጣራት አያስገድደውም። አንዳንድ ክልሎች በራሳቸው ሕግ ደፍነውታል፣ ሌሎቹ ትተውታል።

በታኅሣሥ 2012 ሳንዲ ሁክ በተባለ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። ያኔ ሁሉም «አሁንስ ሕጉ ይወጣል» ብሎ ነበር። ማጣራቱን ለማስፋት የቀረበው ሐሳብ ሴኔት ውስጥ 54 ድምፅ አገኘ። የሚያስፈልገው 60 ነበር። ወደቀ። በ2022 ቴክሳስ፣ ኡቫልዴ ውስጥ 19 ተማሪዎችና 2 መምህራን ሲገደሉ ነው መጠነኛ ሕግ ያለፈው። ከ21 ዓመት በታች ያለ ገዢ ጠበቅ ያለ ማጣራት ይደረግበታል፣ ለክልሎችም ገንዘብ ተመደበ። በቃ። እሱም ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ይህን ያህል ሕግ ባልወጣበት እንደ ትልቅ ድል ተቆጠረ።

ለወንድምህ የምትነግረው አንድ ነገር ልስጥህ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከ48,000 በላይ ሰው በጥይት ሞቷል። ከዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሌላ ሰው የገደለው አይደለም። ራሱን ያጠፋ ነው። ሌባ ፈርቶ የገዛው ሽጉጥ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የቤቱን ሰው ነው።

«ጠመንጃ አይገድልም፣ ሰው ነው የሚገድለው። ሰው ሳይለወጥ ብረት ቢለቀም ምን ዋጋ አለው?» (ከአረርቲ)

ይቺም አባባል ከአሜሪካ የመጣች ናት። ግማሽ እውነት አላት።

ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ የዱላ መዝገብም የክላሽ መዝገብም እይዝ ነበር። ፀባቸው አንድ ነው። ድንበር፣ ውሃ፣ ጠላ ቤት የተወረወረ ስድብ። በዱላው መዝገብ ግን ተጎጂው ራሱን በሻሽ ጠምጥሞ መጥቶ «ይሄ ነው የመታኝ» ብሎ ይመሰክራል። በክላሹ መዝገብ የምትመጣው ጥቁር የለበሰች ሚስቱ ናት። ሰውዬው ያው ሰው ነው፣ ንዴቱም ያው ንዴት።

«እኛ አጣዬ ነን። በ2013 ከተማችን ስትቃጠል ማን ደረሰልን? አሁን መሣሪያህን አስመዝግብ፣ አስረክብ ሲሉኝ ምን ልበል? ክላሼን ብሰጥ ማን ይጠብቀኛል?»

ሌላው ሁሉ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እዚህ ነው። በቢሮ ቋንቋ ልመልስልህ አልችልም።

መጀመሪያ አንድ ታሪክ። ዩጋንዳ ውስጥ ካራሞጃ የሚባል የአርብቶ አደር አገር አለ። እዚያም ክላሽ እንደ ምርኩዝ ነው። በ2001 መንግሥት ማስፈታት ጀመረ፤ አስረክቡ፣ እኛ እንጠብቃችኋለን ተባለ። ሺዎች ወደው አስረከቡ። ብዙም ሳይቆይ ሠራዊቱ ለሌላ ጦርነት ወደ ሌላ ግንባር ተወሰደ። ያላስረከቡት ጎረቤቶች ያስረከቡትን እየመጡ ዘረፏቸው። ከብቱ ተነዳ፣ ሰውም ሞተ። ከዚያ በኋላ ማን ወዶ ያስረክባል? ቀጥሎ የመጣው በግድ ማስፈታት ነበር፣ እሱም በራሱ ብዙ ደም አፈሰሰ።

በሌላ በኩል ማሊ አለች። በ1996 ቲምቡክቱ ላይ ወደ 3,000 የሚጠጋ መሣሪያ ተከምሮ በአደባባይ ተቃጠለ። እዚያ ግን መሣሪያው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ ሽማግሌዎች ጎሳ ለጎሳ ተቀምጠው ተነጋግረዋል። ገበያው ተከፍቷል። ተዋጊው ወደ ሠራዊቱና ወደ ሥራ ገብቷል። (ማሊ ዛሬ ያለችበትን አውቃለሁ። ያቺ እሳት ለዘላለም አላሞቀቻቸውም። ቅደም ተከተሉ ግን ልክ ነበር።)

ስለዚህ «ማን ይጠብቀኛል?» ማለትህ አመፅ አይደለም፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባል ክልላችን ውስጥ የተነሳውን ታስታውሳለህ። ከአደባባዩ መፈክር ሥር የነበረው ይኸው ያንተ ጥያቄ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ክላሽህን የያዝከው ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ፈርተህ ነው። እሱ ለምን የያዘ ይመስልሃል? አንተን ፈርቶ ነው። አንተ ሁለተኛ ስትገዛ እሱ ሦስተኛ ይገዛል። መሐል ላይ የሚከብረው ነጋዴው ብቻ ነው። ስለዚህ ማስረከብ ካለ በሁለቱም ወገን፣ በአንድ ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው እያየ መሆን አለበት። የአንዱን ሰፈር ለቅሞ የሌላውን መተው ከመጀመሪያው አለመጀመር ይሻላል። የእኔ አቋም ይህ ነው። ቁጥጥር እደግፋለሁ፣ ጥበቃ የሌለበትን መልቀም አልደግፍም።

«ሕጉ ምን ይላል? አጭር አድርገው።» (ከሸዋ ሮቢት)

አዋጅ ቁጥር 1177/2012። ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው። በልማድ መሣሪያ የሚያዝባቸው አካባቢዎች እንዳሉም አዋጁ ያውቃል፣ ስለዚህ ገበሬውን በደፈናው ወንጀለኛ አላደረገም። የወጣው በየኬላው በነዳጅ ቦቴ የተደበቀ የቱርክ ሽጉጥ ሲያዝ በሰማንበት ዘመን ማግሥት ነው። ወረቀቱ ላይ ብዙ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ግን ምዝገባ የሚሠራው መዝገቡን ለያዘው ሰው እምነት ሲኖር ነው። ዛሬ የሚመዘግበኝ ነገ በዚያው ዝርዝር ቤቴን ይፈትሻል ብሎ የሚያስብ ሰው አይመዘገብም። አሜሪካኖቹም ምዝገባን የሚቃወሙት በዚሁ ቃል ነው። ቴክሳስና መንዝ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

«እህትህ ነኝ፣ ስሜን አትጻፍ። ባሌ ደግ ሰው ነው። ሲጠጣ ግን ሌላ ነው። ጠመንጃው ራስጌያችን ተሰቅሏል። ሽጥ ብለው የአባቴ ነው ይላል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ስምሽን አልጻፍኩም። ያደግሁበትን ቤት ግን ልንገርሽ።

አባቴ ምንሽር ነበረው። ከአያቴ የወረሰው ነው። አያቴ ደግሞ በጠላት ጊዜ ከራስ አበበ አረጋይ ሰዎች ጋር ጫካ የነበረ ነው ይባላል። ማታ ማታ በጨርቅ ሲወለውለው እናያለን። አባቴ አረቄ ይወድ ነበር። ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ በቅሎዋ ገና ከታች በር ስትደርስ እናቴ አረማመዷን ሰምታ ታውቃለች። ፈጠን ብላ ተነስታ ዝናሩን ታወርድና ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥታ የገብሱ ጎታ ውስጥ ትቀብራቸዋለች። እጇ እስከ ክንዷ ገብስ ውስጥ ገብቶ አሁንም ይታየኛል። ጠመንጃው ግን እዚያው ራስጌው ይሰቀላል፣ ክብሩ አልተነካም። እሑድ ጠዋት ቡና ሲፈላ ጥይቱ ዝናሩ ውስጥ ተመልሶ ይገኛል። አባቴ ያውቅ እንደሆን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያደረገችው ግን ዛሬ ተጠንቶ የሚመከረው ነው። ጥይቱ ለብቻ፣ መሣሪያው ለብቻ፣ ሁለቱም ተቆልፎባቸው። እስራኤል ውስጥ ሠራዊቱ በ2006 ወታደሮቹ ለሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ካምፕ ጥለው እንዲሄዱ አደረገ። ራሱን የሚያጠፋው ወታደር ቁጥር በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ወታደሩ አልተለወጠም፣ ጭንቀቱም አልጠፋም። በዚያች ክፉ ሰዓት ብረቱ እጁ ላይ አልነበረም፣ ይኸው ነው።

አንቺ ግን የእናቴን ዘዴ ብቻሽን አትሞክሪ። ሰክሮ ሲፈልገው ካጣ ባንቺ ላይ ይብሳል። ጠዋት፣ ስካሩ ሲለቀው፣ የሚፈራውን ሰው አስመጪ፤ የንስሐ አባቱን፣ ታላቅ ወንድሙን፣ የሚያከብረውን ሽማግሌ። ሽጥ አትበሉት፣ ጥይቱ ወንድምየው ቤት ይቀመጥ በሉት። የአባቱ ቅርስ ጠመንጃው እንጂ ጥይቱ አይደለም። አንድ ቀን አንቺ ላይ ደግኖ ከሆነ ግን ሽምግልናውን ተዪው። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪና ለፖሊስ ንገሪ። እንዲህ ያለውን ነገር «ይታረቃል» ብለን ቤቷ የመለስናትን ሴት መዝገብ ይዤ አውቃለሁ። ያ ቀን አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

«ሰርግ ላይ መተኮስም ሊከለከል ነው? ደስታ ያለ ተኩስ ምን ይደምቃል?» (ከመሃል ሜዳ)

ወንድሜ፣ የተኮስከው ሰማይ ቤት አይቀርም። ይወርዳል። ቀጥ ብሎ የወጣ የጠመንጃ ጥይት ሲመለስ በሰከንድ ወደ 90 ሜትር ይደርሳል፣ ይህ የራስ ቅል ለመብሳት ይበቃል። ሰው ደግሞ ሞቅ ሲለው ቀጥ አድርጎ አይተኩስም፣ ያዘነብላል። ያኔ ጥይቱ ፍጥነቱን ይዞ ሌላ ቀበሌ ያርፋል። አንድ መዝገብ አስታውሳለሁ፤ የሙሽራው አጎት ተኮሰ፣ ከወንዝ ማዶ እህል የምታበራይ ሴት ትከሻዋን ያዘች። ሰርገኛው የሰማው በማግሥቱ ነው። ቀረርቶና ፉከራው ይድመቅ። ጥይቱን ተወው፣ አሁን ባለው ዋጋ አንድ ካዝና የምትጨርስበት ለሙሽሮቹ ጥሩ ሽልማት ይወጣዋል።

«አውስትራሊያ በአንዴ ሰበሰበች ይባላል። እኛስ?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

በሚያዝያ 1996 ፖርት አርተር ላይ አንድ ሰው 35 ሰው ገደለ። በሳምንታት ውስጥ ሕጉን ለመለወጥ ተስማሙ፣ ወደ 650,000 የሚጠጋ መሣሪያ መንግሥት በገንዘብ ገዝቶ አወደመ። ያደረገው ጆን ሃዋርድ የሚባል ወግ አጥባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፣ የራሱ ደጋፊዎች እየጮሁበት። እኛ ግን ደሴት አይደለንም። ብንገዛ በዚያው ገንዘብ ነገ ሌላ ይገባል። ደርግ በ1983 ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት ክላሽ ገበያውን እንዴት እንዳጥለቀለቀው አባቶቻችሁን ጠይቁ። ያ መሣሪያ ዛሬም ይተኩሳል።

«ደም መመለስስ? ሕግ ያስቀረዋል?»

ብቻውን አያስቀረውም። ገዳዩ ታስሮ ሲወጣ የሚገደልበትን ጉዳይ አይቻለሁ። ፍርዱም እርቁም፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ካሳው ተከፍሎ፣ ደሙ ደርቆ፣ መሐላው ተፈጽሞ ካልሆነ የሟች ልጅ ክላሽ የሚገዛው በስንት ዓመቱ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይቆጥራል።

«እርስዎስ መሣሪያ አለዎት?»

የለኝም። ያ ምንሽር ወንድሜ ጋ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አጣዬ ብኖር ኖሮ ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁም።

«ከአያቴ የወረስኩት አሮጌ ውጅግራ አለ። አይተኩስም፣ ጥይቱም ከገበያ ከጠፋ ቆየ። ይዤው ሄጄ ላስመዝግበው?»

አይተኩስም ያልከውን ኬላ ላይ ያለው ፖሊስ በምን ያውቃል? መጀመሪያ ባዶ እጅህን ሄደህ ጠይቅ። ጠመንጃው ቤቱ ይጠብቅህ።