ቁጥር «ይሻገራል» ወይስ «ይቀነሳል»?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። 2ኤክስ + 3ዋይ = 12 የሚለውን ዋይ ብቻዋን ወደምትቆምበት መልክ ስናመጣ «2ኤክስ ወዲያ ሲሻገር ምልክቱን ይለውጣል» እንላለን። ባልደረባዬ «ሲዛወር» ነው የሚባለው ይላል። ደግሞስ «ለ3 ማካፈል» ነው ወይስ «በ3 ማካፈል»?

መልስ፦ በሰዋስው በኩል ሁለቱም ግሶች ያስኬዳሉ። የተሻገረ በራሱ የሄደ ነው፤ የተዛወረ ግን አዛዋሪ አለው። እኔ ሁለቱንም አልመርጥም። ከደጀን ወርዶ ዓባይን የተሻገረ ሰው ጎሐ ጽዮን ሲደርስም ያው ሰው ነው፤ 2ኤክስ ግን ማዶ ሲታይ −2ኤክስ ሆኗል። ምን እንዳገኘው ግሱ አይነግረንም። የሆነው መቀነስ ነው፦ ከሁለቱም ወገን 2ኤክስ ሲቀነስ በግራ ይጠፋል፣ በቀኝ የመቀነስ ምልክት ይዞ ይቀራል። 3ዋይ = −2ኤክስ + 12።

የ«ተሻገረ» ጣጣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «የተሻገረ ሁሉ ምልክቱን ይለውጣል» ብሎ የሸመደደ ልጅ 3ንም ያሻግርና ዋይ = −2ኤክስ + 12 − 3 ብሎ ቁጭ ይላል። 3 ግን ዋይን ያባዛል እንጂ ከዋይ ጋር አልተደመረም፤ ስለዚህ የሚፈታው በማካፈል ነው። «ሁለቱንም ወገን አካፍል» ማለትም አይበቃም፤ −2ኤክስን አካፍሎ 12ን እንዳለ የሚተው ብዙ ነው። «እያንዳንዱን» የምትለዋን ቃል ይጨምሩ፦ ዋይ = −(2/3)ኤክስ + 4። ቅንፉ ለጌጥ አይደለም፤ ካልተደረገ ኤክስ ከ3 ጎን ታች የወረደች መስሎ ይነበባል። ሲነበብ «ኔጌቲቭ ሁለት ሦስተኛ ኤክስ» ነው።

ኤክስን 3 አድርገው ይሞክሩት። ትክክለኛው ዋይን 2 ያወጣል፣ ከመነሻውም ጋር ይገጥማል፦ 6 + 6 = 12። 3ን ያሻገረው ልጅ 3 ያገኛል፤ 12ን ሳያካፍል የተወው ደግሞ 10።

ስለ መስተዋድዱ፦ ሲባዛ «በ»፣ ሲካፈል «ለ» ቢሉ ይሻላል። እንጀራ የሚካፈለው ለሦስት ሰው ነው፤ «ለ» ተቀባዩን ታሳያለች። «በ3 ማካፈል»ም በየቦታው ይሰማል፣ ስሕተት አልለውም። ግን ወደ መነሻው መልክ ሲመለሱ «እያንዳንዱን በ3 አባዛ፣ ከዚያ በሁለቱም ወገን 2ኤክስ ደምር» ማለትዎ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ማካፈሉም ማባዛቱም «በ3» ከሆነ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የሚይዘው «በ3»ን ብቻ ነው።