መልስ፦ ለትምህርተ ክርስቶስ ልጆች ምን ልሥራላቸው?

ሰላም እህቴ። ባሕር ዳር ለምታስተምሪያቸው የካቶሊክ ልጆች ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ የሚበላ ነገር ጠይቀሻል። ኬክ ምን ያደርግልሻል? ዳቦ ቆሎ ይበቃሻል።

መቁጠሪያ (ጸሎት የሚቆጠርበትን ዶቃ) የምታስተምሪ ዕለት ሊጡን ከቤት አቡክተሽ ውሰጂ። የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ የኑግ ዘይት። ቅቤውን ተዪው፣ ጾም ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ራሳቸው በመዳፋቸው ያድቦልብሉት፤ 1 ተለቅ ያለ፣ ከዚያ 10 ትንንሽ። ትልቁ «አባታችን ሆይ»፣ ትንንሾቹ የእመቤታችን ሰላምታ። ይህን 5 ጊዜ ሲደረድሩ የመቁጠሪያው ዋና ክፍል ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ ማለት ነው። ከዚያ ምጣድ ላይ ቁይው። እየጸለዩ አንድ በአንድ ይበላሉ። አንዱ ጮሌ ሳይጸልይ መዋጡ አይቀርም፣ እለፊው።

ለትንንሾቹ ልጆች ግን ደረቁን አትስጪ፣ ያንቃቸዋል። ለስላሳ ዳቦ ቁረሽላቸው።

አደራሽን፣ ነጭ ክብ ቂጣ ጋግረሽ የቁርባን ጨዋታ እንዳታጫውቻቸው። ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጅ ልጅ ቅዱስ ቁርባኑና መክሰሱ ይምታቱበታል። ስለ ቁርባን በቃል አስተምሪ፣ ቤተ ክርስቲያን ወስደሽ መንበሩን ከሩቅ አሳዪ። የሚበላውን ሁሉ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ አድርጊው። ስንዴ የማይስማማው ልጅ ካለም ወላጆቹን ቀድመሽ ጠይቂ።