ወንድሜ አንድ ምሽት እንኳን ቤት መቀመጥ አቃተው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። እናታችን ስታርፍ ወንድሜ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሳደግሁትም ያስተማርሁትም እኔ ነኝ። አሁን 24 ዓመቱ ነው፤ ተመርቆ ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ችግሩ፣ ጓደኞቹ ካሉበት አንድም ነገር እንዲያመልጠው አይፈልግም። በጀልባ ዘጌ ሲሄዱ አለ፤ ጢስ አባይ ሲሉ አለ፤ በዛዊት ወጥተው ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ሲነሱ አለ። ከሥራ መልስ ሐይቅ ዳር ሳይቀመጥ አይገባም። ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ስልክ ልቀይር ብሎ 20 ሰው ያለበት እቁብ ገባ፤ በሳምንት 500 ብር ነው። በአራተኛው ሳምንት ወጣለትና 10,000 ብሩ ለስልኩ ሄደ። ዋሱ እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉትን አምስት ሳምንታት የጣልሁት እኔ ነኝ። ስመክረው “እሺ” ይላል፤ ስልኩ ሲጮህ ጫማውን ያደርጋል። ሰው ሁሉ ጥፋቱ የስልክ ነው ይለኛል፤ ግን ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜም ቤት አልተቀመጠም። ቲክቶክ በሌላ ስም ከፍቼ እከታተለዋለሁ፤ ሲስቅና ሲጨፍር ነው የማየው። አብረን እራት ከበላን ስንት ጊዜያችን፤ እሱስ ይቅር። የእኔ ዕድሜ እንደሆነ ለእሱ አልቋል። ከዚህ ሱስ እንዴት ላውጣው? ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ በእቁቡ ነገር መናደድሽ ተገቢ ነው። ዋስ መሆን ቀላል አይደለም፤ እሱ ባይጥል የእቁቡ ዳኛ የሚመጣው አንቺ ዘንድ ነው። ገና 11 ሳምንት፣ ማለትም 5,500 ብር ይቀራል። እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን “ሱስ” ያልሽውን ልያዝ፤ መፍትሔውን የሚወስነው ችግሩን የምናይበት መንገድ ነውና።

ወንድምሽ የሚፈራው ምን ይመስልሻል? የሽርሽሩ ደስታ እንዳያመልጠው ቢሆን ኖሮ፣ የሐይቁ ውኃ ያው፣ የገዳማቱ ሥዕልም ያው ስለሆነ፣ ዘጌን ሁለት ጊዜ ካየ በኋላ ይሰለቸው ነበር። እስቲ ሰኞ ጠዋት የሚሆነውን አስቢ። አንዱ ጓደኛቸው ከጀልባ ሲወርድ አዳልጦት ውኃ ውስጥ ገባ እንበል። ማታውኑ ቪዲዮው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለቀቃል፤ ሰኞ ለልጁ ቅጽል ስም ይወጣለታል፤ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ስም ይጠራል። ያልነበረ ሰው ነገሩ እስኪነገረው ድረስ ዘግይቶ ይስቃል። “አንተ አልነበርክም” ይሉታል። አንድ ጊዜ መቅረት ምንም አይደለም። ሁለተኛ ሲደግም “ምነው ጠፋህ?” ይባላል። በሦስተኛው “እሱ አይመጣም” ብለው ሳይደውሉለት ይወጣሉ። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ ባጃጁ ከሞላ በኋላ ማን ቀረ ብሎ የሚቆጥር ስለሌለ ነው። ወንድምሽን ጫማውን የሚያስደርገው ይህ ሦስተኛው ቀን ነው። ቦታው በሌላ ሰው እንዳይያዝ ነው የሚሮጠው።

ወጣቶቹ ፎሞ የሚሉትን ይህን ፍርሃት የሚለካ መጠይቅ አለ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንድሩ ፕርዚቢልስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ነው። ጥያቄዎቹ 10 ናቸው። ጓደኞቼ ያለ እኔ ሲደሰቱ ብሰማ እጨነቃለሁ ወይ፣ ምን እያደረጉ እንደሆነ ሳላውቅ ስቀር ሰላም አጣለሁ ወይ፣ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበትን ቀልድ ማወቅ ለእኔ ግድ ነው ወይ እያለ ይሄዳል። ስለ ምግቡና ስለ ጭፈራው ግድ የለውም፤ የሚጠይቀው ስለ ሰዎቹ ነው። በዚያው ጥናት ፍርሃቱ ከፍ ብሎ የታየው ሦስት ነገር ጎድሎናል ባሉት ላይ ነበር፦ በራስ ፈቃድ መኖር፣ “እችላለሁ” የሚል ስሜት፣ ከሰው ጋር ያለ ቅርርብ። ከወጣቶቹም ወንዶቹ ላይ በረታ ብሎ ተገኝቷል። የበሽታ ስም አይደለም፤ ሱስ ብለሽ ስትጠሪው ግን ወንድምሽን ታማሚ፣ ራስሽን ጠባቂ ታደርጊያለሽ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜም ቤት አልተቀመጠም ያልሽው ትልቅ ነገር ነው፤ ስልኩን ብትቀሚውም ፍርሃቱ እንደማይወሰድ ራስሽ መስክረሻል።

የ24 ዓመት ዕድሜውንም ልብ በይ። ግቢ እያለ ጓደኝነት በነጻ ነበር። አንድ ዶርም፣ አንድ ካፌ፣ አንድ ክፍል፤ ሳይጠሩት ይገኛል፣ ሳይከፍል ይቀመጣል። ሲመረቅ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይበተናል። ከዚያ ወዲያ ለመገናኘት ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ ባጃጅ ያስፈልጋል፤ የሻይ ቡናው ሒሳብ ተራ አለው፤ የጀልባው መዋጮ አለው። ብዙ ቤተሰብ “ሥራ ከያዘ ወዲህ ባሰበት” ይላል፤ ገንዘብ አግኝቶ ጠገበ ብሎም ይተረጉመዋል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ጓደኛን ማቆየት ገንዘብ መጠየቅ የጀመረው ልክ ያኔ ነው፤ ይህን ደግሞ ለወጣቶቹ አስቀድሞ የነገራቸው የለም። ደመወዙ ሲገባ የመጀመሪያው ወጪያቸው አብሮ የመቆየት ወጪ ይሆናል፤ ቤት ኪራዩና ቁጠባው ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ከተረፈ።

ስልኩ ግን ንጹሕ ነው አልልም። የስልኩ ጥፋት ሒሳብ ማሳሳቱ ነው። ወንድምሽ የሚከታተላቸው 14 ጓደኞች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው በሁለት ሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ይወጣሉ፤ የቀሩትን 13 ምሽቶች ቤታቸው ሽሮ በልተው ይተኛሉ። የመውጫ ቀናቸው ከተለያየ ግን ወንድምሽ በየማታው ስልኩን ሲከፍት አንድ ሰው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ያያል። ቤት የቀሩትን 13 ሰዎች ማንም ፎቶ አያነሳቸውም። ስለዚህ በከተማው ቤቱ የሚያመሸው እሱ ብቻ ይመስለዋል፤ አሥራ አራት ሰው ተራ በተራ የወጣውን እሱ ብቻውን በየቀኑ ልውጣ ሲል ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

በዚሁ ሒሳብ አንቺም ተሳስተሻል። ሦስት ሰዓት ካመሸበት ምሽት ቲክቶክ ላይ ያየሽው 15 ሰከንዱን ነው። በቀረው ጊዜ “ሒሳብ!” ሲባል ኪሱን እየዳበሰ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ሲስቅ ብቻ አይተሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲስቅ ያደረ አድርገሽ ተኝተሻል።

አሁን የሚከብደውን ልበልሽ፤ በፍቅር እንደምለው እወቂልኝ። ደብዳቤሽ ወንድምሽ ስንት እንዳወጣ፣ ስንት እንደተበደረ፣ አንቺ ስንት እንደጣልሽለት በዝርዝር ይናገራል። ሥራው ምን እንደሆነ ግን አልጻፍሽም። ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ሥራው ይስማማው አይስማማው አንድ መስመር የለም። ምናልባት ለጥያቄሽ አያስፈልግም ብለሽ ይሆናል። ነገር ግን ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባም የሚጠብቀው ይኸው ሒሳብ ብቻ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ያለው ቦታ የባለዕዳ ቦታ ነው። ሐይቅ ዳር ሲሄድ ደግሞ የሚያስቅ፣ የሚጠበቅ፣ “የት ቀረ?” የሚባል ሰው ነው። ማንኛችንም ብንሆን የምንመርጠው ይታወቃል።

“የእኔ ዕድሜ ለእሱ አልቋል” የሚለውንም ለእሱ ሳትነግሪው የቀረሽ አይመስለኝም። በቃል ባትናገሪው እንኳን ይሰማዋል። ይህ ደግሞ እቁብ ወጥቶም የማይከፈል ዕዳ ነው፤ በ11 ዓመቱ ሳይጠይቅ የተበደረው። መክፈል የማይችል ሰው አበዳሪው ካለበት ቤት ማምሸት ይከብደዋል። በልጅነቱ እናቱን ያጣ መሆኑም አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ሁሉ መቅረትን ይፈራል ብዬ አልደመድምም፤ አንቺም በአንድ መስመር ጠቅሰሽው አልፈሻል፤ ለማስታወስ ያህል ነው።

“አብረን እራት ከበላን ስንት ጊዜያችን፤ እሱስ ይቅር” ብለሻል። እህቴ፣ ይህንንማ ይቅር አትበይ! እኔ ደብዳቤሽን ስረዳው ጥያቄሽ እዚህ ጋ ነው ያለው። ማታ ብቻሽን አልጋ ላይ ሆነሽ፣ በሌላ ስም በከፈትሽው ቲክቶክ ወንድምሽ ከማን ጋር እንደሆነ፣ ያለ አንቺ ምን እንደሚያስቀው ትከታተያለሽ። ከእነዚያ 10 ጥያቄዎች ስንቱ አንቺንም ይነካል? ወንድምሽ ጓደኞቹ ዘንድ ያለው ቦታ እንዳይያዝበት ይፈራል፤ አንቺም እሱ ዘንድ ያለሽ ቦታ መያዙን ትፈሪያለሽ።

እናትሽን ስታጪ አንቺም የ21 ዓመት ልጅ ነበርሽ። እኩዮችሽ ሐይቅ ዳር ሲቀመጡ፣ ሲዋደዱ፣ ሲያገቡ አንቺ የወንድምሽን ደብተር ስትሸፍኚ ነበርሽ። ለእሱ ያመልጠኛል የሚለው ነገር ስጋት ነው፤ ለአንቺ ግን በእውነት አምልጧል። ይህ ሐዘን ነው፤ እንደ ሐዘን ሊለቀስለት ይገባል። የእቁብ ገንዘብ እየተቆጠረ በመሐል ሲወጣ ግን ወቀሳ ይመስላል፤ እሱም እንደ ወቀሳ ይሰማዋል እንጂ ሐዘንሽን አያየውም።

ምን ይደረግ? ሁሉም ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም፤ ወንድምሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ያንን በሌላ ስም የከፈትሽውን ዝጊው። አንድ ቀን ቢደርስበት፣ እስካሁን የመከርሽው ሁሉ ስለላ ይመስለዋል።

እቁቡን በአንድ ጊዜ እምቢ አትበይ፤ ገንዘቡ የሌሎች ሰዎች ነው፤ ስምሽም አለበት። ዝም ብሎ መጣሉንም ግን አቁሚ፤ ዕዳው ካልታየው አይከብደውም። እቁብ በማይጣልበት ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ለአራት ሳምንት 250 አንቺ 250 እሱ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰባት ሳምንታት ሙሉውን እሱ እንዲጥል ተነጋገሩ። ለዳኛው በእጁ የሚያስረክበው እሱ ይሁን። ብዙዎች የሚሰናከሉት በየሳምንቱ ከኪስ ፈልገው ለመጣል ሲሞክሩ ነው፤ ደመወዝ በገባበት ቀን የወሩን ቢለይ ይቀለዋል። መጀመሪያ 1,000፣ በኋላ 2,000 ብር መሆኑ ነው።

በሳምንት አንድ ምሽት፣ ጓደኞቹ ብዙም በማይወጡበት ቀን፣ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ አብራችሁ ብሉ። የገንዘብ ነገር በዚያ ማዕድ አይነሳ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልኩን እያየ ይበላል፤ “አስቀምጥ” አትበይው፤ የራስሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ስለ ሥራው ጠይቂው፤ መልሱን ወደ ምክር ሳትቀይሪ ስሚ። አንዳንድ እሑድ ጓደኞቹን ቤት ይጥራ፤ ቡና አፍዪላቸው። ወጪው ከአንድ ምሽት የሐይቅ ዳር ሒሳብ ያነሰ ነው፤ የምትፈሪያቸውን ልጆችም በዓይንሽ ታያቸዋለሽ።

እሱ ራሱ መቀነስ ከፈለገ፣ ከፈለገ ነው ያልሁት፣ ዝም ብሎ ከመቅረት ይልቅ “ዛሬ አልመጣም፣ እሑድ አለሁ” ብሎ በግሩፑ ቢጽፍ ይሻላል። ዝም ያለ ሰው ጠላን ይባላል፤ የሚመጣበትን ቀን የተናገረ ሰው ቦታው ይጠበቅለታል። ከዚያ የግሩፑን ድምፅ እስከ ጠዋት ያጥፋ። መጀመሪያ ላይ ይቁነጠነጣል፤ በዚያች ሰዓት ስልኩን ካነሳ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ካለፈችለት ግን ብዙውን ጊዜ ይረግባል።

ለውጥ እቁቡ ከማለቁ በፊት አትጠብቂ፤ እነዚህን 11 ሳምንታት ታገሺ። ሌላ ብድር ካለበት፣ ገንዘቡ ለኳስ ውርርድ የሚሄድ ከሆነ፣ መጠጥ ወይም ጫት ከገባበት፣ ወይም እንቅልፉና ሥራው ከተናጋ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በጽሑፍ ምክርም አይፈታም። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ በግል የሚሠሩ አማካሪዎችም አሉ።

እሱን ይዘሽ ለመሄድ ግን አትቸኩዪ። ስለ 21 ዓመትሽ፣ ስለ እናትሽ፣ ከዚያ ወዲህ ስላለፉት 13 ዓመታት ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሰማሽ ሰው ያስፈልግሻል። መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ፤ እሱ ባይመጣ እንኳን ለራስሽ ሂጂ።