ጥያቄና መልስ፦ በታሮት ካርድ ራስን መመርመር ይፈቀዳልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው አሜሪካ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በየጠዋቱ ታሮት የሚባለውን ካርድ በውዛ አንድ ትመዝና ሥዕሉን እያየች ታሰላስላለች። «ጥንቆላ አይደለም፤ ራሴን የማይበት ነው» ትላለች። እኔንም አስመዘዘችኝና ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ፣ «ባሕታዊው» የሚሉት ወጣልኝ። አባቶቻችንን ስለመሰለኝ ወደድሁት፤ ከዚያ ወዲህም አልፎ አልፎ እመዛለሁ። የወደፊቱን አልጠይቅበትም። ኃጢአት ነው? የካርዱስ ትርጉም ምንድን ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ራስዎን ለመመርመር መፈለግዎ መልካም ነው፤ ይህን ፍላጎት አያጥፉት። ሥዕሉን ማየትዎ ብቻውን አያረክስዎትም። ካርድ በውዞ «ዛሬ ምን ይለኛል» እያሉ መምዘዙን ግን ይተዉት፤ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ። ምክንያቱን ከካርዱ ልጀምር።

ታሮት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣልያ ለጨዋታ የተሠራ ካርታ ነው። 78 ቅጠል አለው፤ 22ቱ የየራሳቸው ስም ያላቸው ሥዕሎች ሲሆኑ 56ቱ እንደ ተራው ካርታ በአራት ወገን፣ 14 14 ሆነው ይከፈላሉ። እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ጄብላን የተባለ ፈረንሳዊ «የጥንት ግብፃውያን የሰወሩት ጥበብ ነው» ብሎ ጻፈ። የግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት ገና አልተፈታም ነበር፤ የተፈታው በ1822 ነው። እንግዲህ ማስረጃ አልነበረውም፤ ቢሆንም ወሬው ተያዘና ካርዱ የጠንቋዮች መሣሪያ ሆነ። ባልደረባዎ የያዘችው እንደ ገለጻዎ በ1909 ለንደን የታተመው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ያንን ያሰናዳው አርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት፤ ሁለቱም አስማትን በሚያጠና የምሥጢር ማኅበር ውስጥ የነበሩ ናቸው።

«ባሕታዊው» ቁጥሩ 9 ነው። ግራጫ ካባ የለበሰ ሽማግሌ በበረዶ ተራራ ጫፍ ላይ ብቻውን ቆሟል። በግራ እጁ በትር፣ በቀኙ ፋኖስ ይዟል፤ በፋኖሱ ውስጥ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ያበራል። ካርድ አንባቢዎች «ገለል በል፣ ዝም በል፣ ብርሃኑን ከውስጥህ ፈልግ» ማለት ነው ይላሉ። ይሁንና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሚላኖ መስፍን ቤት በተሣለው ካርድ ላይ ይኸው ሽማግሌ የያዘው የአሸዋ ሰዓት ነው፤ የሚያመለክተውም ጊዜን ነበር። የሚሥለው ሰው ሲለወጥ ትርጉሙም ተለወጠ። ካርዱ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅዎት መልእክት የለም ማለት ነው።

ከአባቶቻችን ጋር ያመሳሰሉትም በመልክ ብቻ ነው። አባ እንጦንስ ወደ በረሃ የወጡት «ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ወንጌል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምተው ነው (ማቴ. 19፥21)። በእኛም ሥርዓት መነኮሳት አስቀድመው በገዳም ማኅበር በመታዘዝ ይፈተናሉ፤ ወደ ብሕትውና የሚሄዱትም በአበው ቡራኬ ነው። የካርዱ ሽማግሌ ግን የሚታዘዘው አባት የለውም፤ መብራቱም የራሱ ነው። እኛ የምንለው «ሕግህ ለእግሬ መብራት፥ ለመንገዴ ብርሃን ነው» ነው (መዝ. 118፥105)። ለአንድ ክርስቲያን ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ትልቁ ነገር መምዘዙ ነው። ከ78 አንዱ ሲወጣ «ለእኔ የመጣ ነው» ካላሉ ጨዋታው ትርጉም አይኖረውም፤ ካሉ ደግሞ ያልታወቀ ተናጋሪን እየጠየቁ ነው። ዘዳግም 18፥10-12 ሟርትንና ጥንቆላን የሚከለክለው ለዚህ ነው፤ እኛም ሲኒ ገልብጦ ማየትንና ዐውደ ነገሥት ማስገለጥን የምንነቅፈው በዚሁ ምክንያት ነው። «ግን እውነት ይናገረኛል» ቢሉኝ፣ የሐዋርያት ሥራ 16፥16-18ን ያንብቡ። የሟርት መንፈስ ያደረባት ልጅ ስለ ጳውሎስና ስለ ሲላስ የጮኸችው እውነት ነበር፤ የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው አለች። ጳውሎስ ግን በምስክርነቷ አልተደሰተም፤ መንፈሱን አስወጣው። ቃሉ እውነት መምሰሉ ምንጩን ንጹሕ አያደርገውም።

ሐዋርያትስ በይሁዳ ምትክ ለተሾመው ለማትያስ ዕጣ ጥለው የለም ወይ? ጥለዋል። አስቀድመው ግን ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ አብረዋቸው ከነበሩት ሁለት ሰዎችን መረጡ፣ ጸለዩ፣ ከዚያም በሁለቱ መካከል ዕጣ ጣሉ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያንም ፓትርያርኳን በዕጣ ስትለይ መጀመሪያ ሦስት ዕጩዎች ተመርምረው ይቀርባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተደረገውም እንዲሁ ነበር። ይህ በጉባኤና በጸሎት ለአንድ ሹመት የሚደረግ ነው፤ ለየጠዋቱ ስሜት መፍቻ አይውልም።

እንግዲህ በምን ይተኩት? ማታ ከመተኛትዎ በፊት 15 ደቂቃ ይበቃል። በሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆመው በአቡነ ዘበሰማያት ይጀምሩ፤ መዝሙር 50ን ይድገሙ። ቀጥለው ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱን ብቻ ይውሰዱ፤ ዛሬ አንደኛውን፣ ነገ ሁለተኛውን፣ በተራ። ዐሥሩ ሲያልቁ በማቴዎስ 25 ያሉትን ስድስቱን ይያዙ፦ የተራበውን፣ የተጠማውን፣ እንግዳውን፣ የታረዘውን፣ የታመመውን፣ የታሰረውን። «በዚህ ዛሬ ምን አደረግሁ? ምን ቀረብኝ?» ብለው በማስታወሻ ሁለት መስመር ይጻፉ። ድርጊቱን ይጻፉ እንጂ ስሜቱን አይጻፉ። «ዛሬ ከፍቶኝ ዋለ» ለንስሐ አይረዳም፤ «ለአለቃዬ ያልሠራሁትን ሰዓት ሠርቻለሁ አልሁ» ግን ይረዳል። ብዙዎች የሚሰናከሉት የባልን፣ የጎረቤትን ጥፋት መጻፍ ሲጀምሩ ነው፤ እንዲህ ያለውን መስመር ይሰርዙት። አንድ ሰዓት እቆማለሁ ብለው የጀመሩም በሳምንቱ ይተዉታል። ስግደቱንና ጾሙን ራስዎ አይወስኑ፤ ቀኖና የሚሰጥዎ አባትዎ ናቸው። አባትዎ ሩቅ ከሆኑ ምክሩን በስልክ መቀበል ይችላሉ፤ ፍትሐቱ፣ ማለትም ከኃጢአት የመፍታቱ ጸሎት፣ ግን በካህኑ ፊት ቀርበው የሚቀበሉት ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ካርዱን ትተው መዝሙረ ዳዊትን ዐይን ጨፍነው እየገለጡ «የዛሬ መልእክቴ» እንዳይሉ። መጽሐፉ ቅዱስ ነው፤ አያያዙ ግን ያው መምዘዝ ይሆናል። በዕለቱ የተመደበውን መዝሙር በተራው ያንብቡ፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ነው፤ ቢበዛብዎ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ ይበቃዎታል።

እስካሁን በመዘዝሁት ክፉ መንፈስ ገብቶብኝ ይሆን ብለው አይሸበሩ። ባለማወቅ ያደረጉትን ይናዘዙ፤ ጠበል መጠመቅ ቢያስፈልግ አባትዎ ይነግርዎታል። የራስዎ ካርድ ካለዎት ለሌላ ሰው አይስጡ፣ አይሽጡም፤ የኤፌሶን ሰዎች የአስማት መጻሕፍታቸውን በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ እንጂ አልሸጡም (ሐዋ. 19፥19)። ባልደረባዎን ግን አይንቀፏት። «እምነቴ አይፈቅድልኝምና አልመዝም» ይበሏት፤ ማታ ማታ የሚያደርጉትን ከጠየቀችዎት ያስረዷት።