በጆሮ ብቻ የሚጫወቱትን ጌም ለምትሠሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት የጌም ድምፅ ስሠራ ነው። ዓይነ ስውራን የሚጫወቱት ጌም ልትሠሩ መነሣታችሁን ስሰማ ከልቤ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ሥራውን ስክሪኑን አጥፍታችሁ ጀምሩት። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ድምፅ ሁልጊዜ የሥዕሉ አሽከር ሆኖ ይቀራል። ጃፓናዊው የጌም ሠሪ ኬንጂ ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1997 ሴጋ ሳተርን ለተባለው የጌም መጫወቻ «ሪል ሳውንድ» የተባለውን ጌም ያለ ምንም ምስል የሠራው ማየት ከተሳናቸው ተጫዋቾች ጋር ከተገናኘ በኋላ ነበር።

መጀመሪያ ጆሮን እወቁት። ከግራ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ላይ የሚዘገየው ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ አንጎል በዚህች ቅንጣት ልዩነት ግራና ቀኙን ይለያል። ፊትና ኋላው ላይ ግን ይቸገራል፤ ፊት ለፊት ያለውም ከጀርባ ያለውም ሁለቱ ጆሮዎች ጋ እኩል ይደርሳልና። ሌላ ጊዜ ራሳችንን ዞር አድርገን እንለየዋለን። በተራ ጆሮ ማዳመጫ ግን ድምፁ አብሮን ይዞራል። ስለዚህ ተጫዋቹ በጣቱ መዞር ይቻለው፤ ሲዞርም ድምፁ ሳይዘገይ ቦታውን ይለውጥ። ከጀርባ ያለውን ድምፅ ቀጭን ቀጭኑን ቀንሱና ትንሽ አደብዝዙት። አቅጣጫ እንዲያሳይ የምትፈልጉት ድምፅ ደግሞ ንጹሕ ፉጨት አይሁን፤ የቅጠል ኮሽታ ወይም የቁልፍ ኳኳታ ከየት እንደመጣ ቶሎ ይታወቃል።

እስቲ አንድ በር እንውሰድ። በድምፅ ጌም ውስጥ ዝም ያለ በር እንደሌለ ይቆጠራል። በስንጥቁ ነፋስ ይግባ። ተጫዋቹ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ የኮቴው ማሚቶ ይጥራና ይቅረብ። ሲከፍተው ማጠፊያው ሲጥጥ ይበል፤ ወዲያው ደግሞ የወዲያኛው ክፍል አየር ይሰማ። ሰፊ አዳራሽ ከሆነ የሚቀጥለው እርምጃ ራሱ ይናገራል፤ «አዳራሽ ገብተሃል» የሚል ተራኪ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ኤ ብላይንድ ሌጀንድ» በተባለው ጌም ዓይነ ስውሩን ተዋጊ የምትመራው የገዛ ልጁ ድምፅ ናት፤ መመሪያው ከታሪኩ ሳይወጣ ይደርሳል።

ሙዚቃው እንዳይበዛ። ወፍራም ዜማ ኮቴን ይውጣል፤ ኮቴው የጠፋበት ተጫዋች መሬቱ እንደጠፋበት ነው። ንግግርም ቢሆን በአንድ ቁልፍ የሚቋረጥ ይሁን፤ በስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የለመደ ሰው እናንተ ከምትገምቱት በላይ ፈጥኖ ይሰማል።

አዝናችሁ ጌሙን አታቅልሉት። ሽንፈት የሌለበት ጌም ማንንም አይዝም፤ ዓይነ ስውር ተጫዋችም የሚፈልገው እንደማንም ሰው ታግሎ ማሸነፍን ነው። ተጫዋቾቹንም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አጠገባችሁ አድርጓቸው፤ ለሥራቸውም ክፈሏቸው። አንዱ መንገድ ሲጠፋው «በሩ በስተግራህ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። አሁን ምን እንደሚሰማው ጠይቁት፣ የሚላችሁንም ቃል በቃል ጻፉ፤ የነገው ሥራችሁ ያ ነው።