የሌላውን ፓርቲ ደጅ የሚጠኑ ዕጩዎች፦ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን ስለ ውጭ አገር ምርጫ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ሰው ከፓርቲው ውጪ አይመርጥም» አለ፤ ሌላው ሞተ እንጂ አልተስማማም። ሥነ ዜጋ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ከማራኪም ከአዘዞም የሚጠይቀኝ በዛ። አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ አገራችን ስንመጣ ወደ እኛው እመለሳለሁ።

መምህር፣ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች መርጠውት ፕሬዝዳንት የሆነ በእርግጥ አለ?

አለ እንጂ። አሜሪካዊውን ጄኔራል አይዘንሃወርን ውሰድ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደሆኑ አይታወቅም ነበር። ሁለቱም ፓርቲዎች ደጅ ጠኗቸው። በ1952 ሪፐብሊካን ነኝ አሉና ያኔ ከነበሩት 48 ግዛቶች 39ኙን ወሰዱ። ዴሞክራቶች ካልመረጧቸው ይህ አይሆንም።

ሪፐብሊካኑ ሮናልድ ሬገንም አሉ። ሚሺጋን ውስጥ ማኮም የሚባል አካባቢ አለ፤ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነው። በ1960 ለዴሞክራቱ ኬኔዲ ነቅሎ ወጣ። በ1984 ደግሞ ያው ሰፈር ለሬገን ነቅሎ ወጣ። «የሬገን ዴሞክራቶች» የሚባለው ስም የወጣው ለእነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው። ሬገን በዚያ ዓመት ከ50 ግዛቶች 49ኙን አሸነፉ።

ታዲያ ሁሉም ለምን እንዲህ አያደርጉም?

መጀመሪያ የራሳቸውን ቤት ማለፍ ስላለባቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕጩው ከዋናው ምርጫ በፊት በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ያልፋል። በብዙ ግዛቶች እዚያ ድምፅ የሚሰጠው የፓርቲው ተመዝጋቢ ብቻ ነው። እዚያ ለተቃራኒው ወገን ደግ ቃል ከተናገርክ አለቀልህ። ካለፍክ በኋላ ደግሞ ያንኑ የነቀፍከውን ጎረቤት ድምፅ ስጠኝ ትላለህ። እኔ ይህን ግብዝነት ብቻ አልለውም፤ መንገዱ ራሱ ጠማማ ነው።

ፓርቲ የሌለው ሰው ቢወዳደር አይሻልም?

ሮስ ፔሮ በ1992 ሞክረውታል። ቱጃር ነበሩ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ወሰዱ፤ ከመቶ 19 ገደማ ድምፅ አገኙ። ፕሬዝዳንቱን ከሚመርጡት 538 ወኪሎች ግን አንድም አላገኙም። ድምፃቸው በየግዛቱ ተበትኖ በአንድም ግዛት አንደኛ አልወጡም። ቢል ክሊንተን በ43 ከመቶ ቤተ መንግሥት ገቡ።

ሰው ሳይወድ የሌላውን ፓርቲ ዕጩ ይመርጣል?

ፈረንሳዮችን ጠይቂ፣ እትዬ። በ2002 ቀኝ ዘመሙ ዣክ ሺራክ በመጀመሪያው ዙር ከመቶ 20 እንኳ አልሞላላቸውም። በሁለተኛው ዙር ከቀኝ አክራሪው ዣን-ማሪ ለ ፔን ጋር ሲፋጠጡ 82 ከመቶ አገኙ። ግራ ዘመሙ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ መረጣቸው። ይህ ፍቅር አይደለም፤ ከጅብ አንበሳ ማለት ነው።

አፍሪካ ውስጥ ፓርቲው ብሔር ነው። እዚህ ምን ይሠራል?

ይህን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። እዚህ የዕጩው ደግነት አይበቃም፤ ሕግ ሊያስገድደው ይገባል ባይ ነኝ። ናይጄሪያውያን ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ይህ ገባቸው። በ1979ኙ ሕገ መንግሥታቸው ብዙ ድምፅ ማግኘት ብቻ አይበቃም አሉ። ቢያንስ በግዛቶቹ ሁለት ሦስተኛ ውስጥ ከድምፁ ሩቡን ማግኘት ግድ ሆነ። የሰሜኑ ሰው የደቡቡን ደጅ ካልጠና አያልፍም።

ጉዱ የመጣው በመጀመሪያው ምርጫ ነው። ግዛቶቹ 19 ነበሩ። የ19 ሁለት ሦስተኛ 12 ከሁለት ሦስተኛ ነው! ሼሁ ሻጋሪ በ12ቱ ሩቡን አሟሉ፤ በአሥራ ሦስተኛው በካኖ ግን 20 ከመቶ ገደማ ብቻ አገኙ። ተቀናቃኛቸው አዎሎዎ ግዛት ተቆርጦ አይከፈልም፤ 13 መሙላት አለበት ብለው ከሰሱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ለሻጋሪ ፈረደ። የሒሳብ መምህር ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ቡናው ትን አለው። ዛሬ ግዛቶቹ 36 ስለሆኑ 24 ላይ ሳይሸራረፍ ይቆማል፤ ዋና ከተማዋ አቡጃም ተጨምራለች።

ኬንያም በ2010 ሕገ መንግሥቷ ተመሳሳይ አጥር አበጅታለች። ከግማሽ በላይ ድምፅ፣ በተጨማሪም ከ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ ሩብ ሩብ። ሕጉ ጥላቻን አያጠፋም። ግን ዕጩው የማይወደው ሰፈር ሄዶ እጅ እንዲነሣ ያደርገዋል። የፋሲል ከተማ ሰው ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ድሮ ባለጉዳዩ የንጉሡን ደጅ ይጠና ነበር፤ እዚህ ግን ደጅ የሚጠናው ሥልጣን ፈላጊው ነው።

የእኛስ ፕሬዝዳንት?

እኛ ለፕሬዝዳንት ተሰልፈን ድምፅ አንሰጥም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ። ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው። የምክር ቤት አባል ከተመረጠ ወንበሩን ይለቃል።

ሐሳቡ ከፓርቲ ከፍ ያለ ሰው ለማግኘት ይመስለኛል። ግን ምክር ቤቱን አንድ ወገን ሲሞላው ሁለት ሦስተኛው የማንንም ደጅ አያስጠናም። ግርማ ወልደጊዮርጊስ በ1994 ሲመረጡ ምክር ቤት የነበሩት በግል ተወዳድረው ነው፤ የመረጣቸው ግን ያው የገዢው ፓርቲ ድምፅ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ነጋሶ ጊዳዳ ደግሞ በተቃራኒው ሄዱ። በፓርቲ ሰውነታቸው ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ ከወረዱ በኋላ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው መራጩ ራሱ ፓርላማ አስገባቸው።