ዳይሬክተሩ ቃል የገባልሽ ጭማሪ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ለሌላው አንባቢ በአጭሩ ልንገር፦ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ካውንቲ (ከስቴቱ በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ጤና ቢሮ ነው የምትሠሪው፣ ማርች ላይ ዳይሬክተሩ ሰብስቦ "ከኦክቶበር 1 ጀምሮ 5 ፐርሰንት ይጨመርላችኋል" አላችሁ፣ አንቺም አምነሽ ቤት ቀየርሽ፣ አሁን ኮሚሽነሮቹ ወይ የሠራተኛ ጭማሪ ወይ የአረጋውያን ትራንስፖርት፣ ሁለቱን አንችልም እያሉ ነው። ይከለክሉናል ወይ፣ ሄጄ ብናገር ያባርሩኛል ወይ፣ ቆይተው ቢፈቅዱስ የኋላው ይከፈለናል ወይ ነው ያልሽው።

መከልከሉንስ መከልከል ይችላሉ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንላለን፣ ካውንቲ ቤት ግን ዕዳ የሚሆነው ኮሚሽነርስ ኮርት ድምፅ ሲሰጥበት ነው። ስሙ ኮርት ስለተባለ ፍርድ ቤት እንዳይመስልሽ፣ አምስት የተመረጡ ሰዎች ናቸው፣ አራት ኮሚሽነሮችና ካውንቲ ጃጅ የሚባል አንድ ሰብሳቢ፣ በጀትና ደሞዝ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ዳይሬክተርሽ ይጠይቃል እንጂ አይወስንም። ዩኒየን ይደራደርልን እንዳትይ ደሞ ቴክሳስ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ በቀር የካውንቲ ሠራተኛ በኅብረት ተደራድሮ ኮንትራት እንዲፈርም አትፈቅድም፣ አድማማ ጭራሽ አይሞከርም። ስለ ደሞዝሽ ብቻሽንም ሆነ በተወካይ ቅሬታ ማቅረብ ግን በሕግ የተጻፈ መብትሽ ነው።

የኋላውን ክፍያ አስቀድሜ ልመልስ፣ ምክንያቱም ጊዜሽን የሚበላው እሱ ነው። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ክፍል 53 ካውንቲ ሥራው ከተሠራ በኋላ ለሠራተኛው ተጨማሪ ክፍያ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ ልባቸው ራርቶ ቢያጸድቁት እንኳን ከዛ ወዲህ ላለው ነው፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ሄደ ማለት ነው። በጀቱ አንዴ ከጸደቀ ደሞ አዲስ ወጪ ለመጨመር ያልታሰበ ከባድ ችግር መኖር አለበት፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ማዛወር ቢቻልም ያንን የሚያደርግልሽ ኮሚሽነር መለመን ሊኖርብሽ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን መጮህ ካለብሽ አሁን ነው፣ ከድምፁ በፊት።

ካውንቲው ዌብሳይት ላይ የበጀቱን ረቂቅ አውርጂና የመጀመሪያውን ገጽ እዪ። ካለፈው ዓመት የበለጠ የፕሮፐርቲ ታክስ (የቤትና የመሬት ግብር) የሚሰበስብ ከሆነ እዛው ሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል መጻፍ ግዴታቸው ነው። ያ ጽሑፍ ካለ "ገንዘብ የለም" ያሉሽ ሰዎች ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አስበውበታል ማለት ነው። ግን የታክስ ገቢው ከ3.5 ፐርሰንት በላይ ካደገ (አንዳንድ ማስተካከያ አለው) ለሕዝብ ድምፅ መቅረብ አለበት፣ ለዛ ነው የሚፈሩት። ሌላም አለ፣ ለተራ ውሳኔ ሦስት ሰው ይበቃል፣ ታክስ ለመጣል ግን ቢያንስ አራቱ መገኘት አለባቸው። በ2019ም በ2022ም ሂውስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ ሁለት ኮሚሽነሮች ሆን ብለው ከሚቲንግ ቀሩና የታሰበው የታክስ መጠን ሳይጸድቅ ቀረ። ስለዚህ የራስሽ ፕሪሲንክት (የምትኖሪበት የምርጫ ክልል) ኮሚሽነር ጋ ስትደውዪ "ትደግፋለህ ወይ" ብቻ ሳይሆን "ትገኛለህ ወይ" በዪው፣ እየቀለድኩ አይደለም።

መናገሩን በተመለከተ፣ ከ2019 ጀምሮ በሕግ አጀንዳ ላይ ባለ ጉዳይ ሕዝብ ከውሳኔው በፊት የመናገር መብት አለው። በአስተርጓሚ የምትናገሪ ከሆነና በጆሮ ማዳመጫ እኩል የሚተረጎምበት መሣሪያ ከሌላቸው ቢያንስ እጥፍ ሰዓት ይሰጥሻል፣ ለሌላው 3 ደቂቃ ከሆነ ላንቺ 6 ማለት ነው፣ ይሄን የኛ ሰው አያውቀውም። ያባርሩኛል ወይ ላልሽው፣ ቴክሳስ ያለ ምክንያት ማሰናበት ይቻላል፣ በዜግነትሽ ስለ ሕዝብ ጉዳይ ስለተናገርሽ መቅጣት ግን ሕገ መንግሥቱን መጣስ ነው። ችግሩ ፍርድ ቤቶች "የኔ ደሞዝ አነሰ" የሚለውን የግል ቅሬታ ነው ብለው ጥበቃ ሊነፍጉት ይችላሉ፣ እንደ ሥራሽ አካል የተናገርሽውም አይጠበቅም። ስለዚህ የዕረፍት ፈቃድ ወስደሽ ሂጂ፣ ባጅሽን አውልቂ፣ የቢሮ ኢሜልም የበሽተኛ መረጃም አትንኪ፣ ስለ ቤት ኪራይሽ ሳይሆን ሰው ሲለቅ ክሊኒኩ ወረፋ ምን እንደሚሆን ተናገሪ። አረጋውያኑንም አትግፊ፣ እነሱም ወደ አንቺው ክሊኒክ ነው የሚመጡት፣ ሁለቱን ማፋጀት የማን ሐሳብ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሽው ሱፐርቫይዘርሽ በኦቨርታይም ፋንታ ዕረፍት ውሰዱ የሚለው ነገር ለካውንቲ ይፈቀድለታል፣ ግን አስቀድማችሁ የተስማማችሁበት መሆን አለበት፣ ለ1 ሰዓት 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ እንዳንቺ ላለ ሠራተኛ ደሞ 240 ሰዓት ሲሞላ ከዛ በላይ ያለውን በብር ነው የሚከፍሉት። አንድ ለአንድ ነው የሚሰጡን ብለሻል፣ እሱ ስህተት ነው፣ ይሄ ደሞ የኮሚሽነሮች ድምፅ አይጠብቅም። የሰዓት መቆጣጠሪያሽንና ፔይቼክሽን ኮፒ አድርገሽ ቤትሽ አስቀምጪ፣ ከዛ ጻፊልኝ።